ሳንድተንና አሌክሳንድራ፦ ለማስመር የቀለለ፣ ለመፋቅ የከበደ ወሰን

በጥቅምት 2015 በጆሃንስበርግ ሰሜናዊ ክፍል፣ ኤም ዋን በተባለው አውራ ጎዳና ላይ ይሠራ የነበረ የእግረኞችና የብስክሌት መሸጋገሪያ ድልድይ ጊዜያዊ የብረት ድጋፉ ተደርምሶ በሥሩ ያልፉ በነበሩ መኪናዎች ላይ ወደቀ። ሁለት ሰዎች ሞቱ፤ ሌሎችም ቆሰሉ። ድልድዩ የታሰበው በየማለዳው ከአሌክሳንድራ ተነሥተው ወደ ሳንድተን በእግራቸው ለሚሄዱ ሠራተኞች ነበር። ከዓመታት በኋላ ተጠናቅቆ አገልግሎት መስጠት ጀምሯል።

አደጋው ከነሐዘኑ አንድ ጥያቄ ትቶ ያልፋል። ሳንድተን ሲቲ ከተባለው ስመ ጥር የገበያ ማዕከል እስከ አሌክሳንድራ ያለው ርቀት አምስት ኪሎ ሜትር አይሞላም። በአንደኛው ሰፈር የሚሠራው ሰው በሌላኛው ያድራል። ታዲያ የዘር መድልዎ ሥርዓት ከፈረሰ ከሃያ ዓመት በኋላም ሁለቱን የሚያገናኝ የእግር መንገድ ገና በመሠራት ላይ የነበረው ስለ ምን ነው?

የተለመደው መልስ «አፓርታይድ» የሚል አንድ ቃል ነው። መልሱ ሐሰት አይደለም፤ ጎደሎ ነው። አፓርታይድ ማን የት እንዲያድር ይፈቀድለት እንደነበር ያስረዳል። ሕጉ ከተሻረ በኋላ ልዩነቱ ለምን እንዳልጠፋ ግን ብቻውን አያስረዳም። ለዚህኛው መልሱ የሚገኘው ከቆዳ ቀለም ይልቅ ትኩረት በማይስብ ስፍራ፣ በማዘጋጃ ቤት ወሰንና በግብር መዝገብ ውስጥ ነው። ገጠር የነበረ መሬት ከተማ ሲሆን ወሰኑን ማን አሠመረው? በወሰኑ ውስጥ የሚሰበሰበውስ ገንዘብ ለማን ሆነ? የሳንድተን ታሪክ ለእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ ነው። በዚያው ከተማ መሐል ሱቅ ከፍተው የሚያድሩትን ኢትዮጵያውያንም ሆነ ዳርቻዋ በየዓመቱ የሚገፋውን አዲስ አበባን ለሚያስብ አንባቢ፣ ታሪኩ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

የምንጮች አገር

በ1886 ላንግላግቴ በተባለው እርሻ ላይ ወርቅ ከመገኘቱ በፊት፣ ዛሬ ጆሃንስበርግ የሚባለው ከፍታ የሣር ምድር ነበር። ባዶ ምድር ግን አልነበረም፤ በሜልቪል ኮረብቶች ላይ የተገኙት የብረት ማቅለጫ ምድጃዎች አፍሪካውያን በዚያ ከብዙ ዘመን በፊት ይኖሩና ይሠሩ እንደነበር ይመሰክራሉ። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ከደቡብ የመጡት የቦር ሰፋሪዎች ምድሩን ሸንሽነው በየስማቸው ያዙት። ለእርሻዎቻቸው ያወጡላቸው ስሞች የፈለጉት ነገር ምን እንደነበር ይናገራሉ፤ ዛንድፎንቴይን «የአሸዋ ምንጭ»፣ ድሪፎንቴይን «ሦስት ምንጭ»፣ ሪትፎንቴይን «የሸምበቆ ምንጭ» ማለት ነው።

የወርቁ ቋጥኝ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጋ ስለነበር የማዕድን ማውጫዎቹና የሠራተኞቹ ሰፈሮች ያንን ተከትለው ሄዱ። ሰሜኑ ወርቅ አልነበረበትምና ገጠር ሆኖ ቀረ። የማዕድን ከበርቴዎች ከአቧራውና ከወፍጮው ጩኸት ሸሽተው መኖሪያቸውን ከኮረብታው ወዲያ በሰሜን በኩል መሥራት የጀመሩት ግን ገና ከ1890ዎቹ አንሥቶ ነው። ከዚያ ወዲህ የጆሃንስበርግ ሀብት የተጓዘው ሁልጊዜ ወደ ሰሜን ሆነ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መኪና የብዙ ነጭ ቤተሰቦች ንብረት ሲሆን፣ የአሸዋ ምንጭ አገር የፈረስ ጋጣና የሰፊ አጸድ አገር ሆነ። እንደ ብራያንስተን ባሉ ሰፈሮች አንድ ቤት የሚያርፍበት ቦታ አንድ ኤከር፣ ማለትም አራት ሺህ ካሬ ሜትር ያህል ነበር። የከተማው ሰው አካባቢውን «የሚንክና የፋንድያ ቀበቶ» እያለ ይቀልድበት ነበር፤ የወይዛዝርቱ ካባ ከሚንክ ቆዳ፣ የግቢው ሽታ ከፈረስ ፋንድያ ነውና። ይህ ሁሉ መሬት በየትኛውም ከተማ ሥር አልነበረም። ያስተዳድረው የነበረው በ1940ዎቹ የተቋቋመው የትራንስቫል የከተማ ዳርቻ አካባቢዎች የጤና ቦርድ ነው። ነዋሪው የሚኖረው የከተማ ኑሮ፣ የሚጠየቀው ግን የገጠር ግዴታ ነበር።

«የማንም ያልሆነች ልጅ»

በዚሁ የእርሻ ምድር ላይ ሌላ ሰፈር ቀድሞ ተመሥርቶ ነበር። አንድ የመሬት ባለቤት እርሻውን በባለቤቱ ስም አሌክሳንድራ ብሎ ሰይሞ ለነጮች ሊሸጠው ቢሞክርም ከከተማው የራቀ በመሆኑ ገዢ አላገኘም። በ1912 ጥቁሮችና ክልሶች ቦታ እየገዙ በስማቸው እንዲያስመዘግቡ ተከፈተ። በማግሥቱ ዓመት፣ በ1913፣ የወጣው የመሬት ሕግ ጥቁሮች ከአገሪቱ መሬት ሰባት በመቶ ከሚሆነው ውጭ መሬት እንዳይገዙ ከለከለ። አሌክሳንድራ ግን ሕጉን በአንድ ዓመት ቀድማ ስለነበር ባለይዞታዎቿ ይዞታቸውን አላጡም። ጥቁር ሰው በከተማ አጠገብ የርስት ባለቤት ሊሆን ከቻለባቸው ጥቂት ስፍራዎች አንዷ ሆነች።

ርስት ነበራት፤ ካዝና ግን አልነበራትም። በ1916 የተቋቋመው የጤና ኮሚቴዋ ከድኻ ነዋሪ ከሚሰበስበው በቀር ገቢ አልነበረውም። በወሰኗ ውስጥ ትልቅ ንግድም ሆነ ትልቅ ፋብሪካ አልነበረም። ሕዝቧ ጆሃንስበርግ ውስጥ ይሠራል፤ ደመወዙን ጆሃንስበርግ ውስጥ ይመነዝራል፤ የጆሃንስበርግ ማዘጋጃ ቤት ግን ሰፈሩ ከወሰኔ ውጭ ነው ብሎ አያውቀውም። ስለዚህም አሌክሳንድራ «የማንም ያልሆነች ልጅ» የሚል ስም ወጣላት። የመንገድ መብራት ስላልነበራትም «ጨለማዋ ከተማ» ተባለች። በ1941 ከገጠር ወደ ጆሃንስበርግ የመጣው ወጣቱ ኔልሰን ማንዴላ አንዲት ክፍል ተከራይቶ የኖረው በዚህች ጨለማ ውስጥ ነበር።

ወሰኑ የአሌክሳንድራን ሰው ምን ያህል እንዳስከፈለው በጉልህ የታየው በአውቶቡስ ነው። ሥራው ከአሥር ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ስለነበር የትራንስፖርት ዋጋ የኑሮ ዋጋ ሆነ። በ1940ዎቹ ሕዝቡ በተደጋጋሚ በአውቶቡስ አንሳፈርም ብሎ አደመ። በጥር 1957 ዋጋው ከአራት ፔኒ ወደ አምስት ፔኒ ሲያድግ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ለሦስት ወር ያህል ጠዋት ማታ በእግራቸው ተመላለሱ። የታገሉት ለአንዲት ፔኒ ነው፤ ፔኒዋ ግን ከተማው ራሱ ያራቀውን ሰው መልሶ ስለ ርቀቱ የሚያስከፍልባት ግብር ነበረች።

የ1969 መስመር

በ1958 የአሌክሳንድራ የጤና ኮሚቴ ፈርሶ አስተዳደሩ ወደዚያው የከተማ ዳርቻ አካባቢዎች የጤና ቦርድ ተዛወረ። በዚህ ምክንያት ለአሥራ አንድ ዓመታት ያህል የፈረስ ጋጣውንም ጨለማዋንም ከተማ የሚመራው አንድ መሥሪያ ቤት ነበር ማለት ነው። በዘመኑ ሕግ መሠረት አስተዳደሩ እኩል አልነበረም፤ እንዲያውም በ1963 አሌክሳንድራ ቤተሰብ የማይኖርባት፣ ያላገቡ ሠራተኞች ብቻ የሚያድሩባት የሆስቴል መንደር እንድትሆን ተወስኖ ባለርስቶቿ ርስታቸውን መነጠቅ ጀመሩ። ቢሆንም በአስተዳደር ካርታ ላይ ሁለቱ አንድ ነበሩ።

በ1969 ይህ አንድነት ተቋረጠ። ሳንዳውን ከተባለው ሰፈር «ሳንድ»፣ ከብራያንስተን ደግሞ «ተን» ተወስዶ ሳንድተን የሚባል አዲስ ማዘጋጃ ቤት ተቋቋመ። ወሰኑ የእርሻ ቦታዎቹን፣ የፈረስ ሜዳዎቹን፣ ሰፋፊ አጸዶቹን ሁሉ ወደ ውስጥ አስገባ። የእነዚያን ቤቶች ወጥ የምትሠራው፣ ሣሩን የሚያጭደው፣ ሕንጻውን የሚያቆመው ሰው የሚያድርባትን አሌክሳንድራን ግን እያዋሰናት በውጭ ተዋት።

ይህ የዘረኝነት ሕግ ውጤት ብቻ ነው የሚል ክርክር ሊነሣ ይችላል። ሕጉ ጥቁርን የነጭ ማዘጋጃ ቤት ነዋሪ አድርጎ እንደማይቀበል የታወቀ ነው። ነገር ግን ከዚያ አሥር ዓመት በፊት፣ በ1959፣ ጎረቤቱ ራንድበርግ የራሱን ማዘጋጃ ቤት አቋቁሞ ከጆሃንስበርግ ተለይቶ መተዳደርን መርጦ ነበር። እዚያ ነጭ የተለየው ከነጭ ነው። ስለዚህ ከዘር ልዩነቱ ሥር ሌላ፣ በዓለም ሁሉ የተለመደ ፍላጎት ይታያል፤ ከትልቁ ከተማ ሥራውን፣ ገበያውን፣ መንገዱን እየተጠቀሙ ከትልቁ ከተማ ዕዳ መራቅ ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ ከትላልቅ ከተሞች ወጥተው የየራሳቸውን ትንንሽ ከተሞች የመሠረቱ ባለጸጎችም ያደረጉት ይህንኑ ነው። አፓርታይድ ለዚህ ፍላጎት የብረት አጥር አቀበለው እንጂ ፍላጎቱን አልፈጠረውም። ሕጉ ሲሻር ፍላጎቱ አብሮ ያልሞተውም ስለዚህ ነው።

መሐሉ ሲለቀቅ

1973 የሁለት ሕንጻዎች ዓመት ነበር። በመሐል ጆሃንስበርግ 50 ፎቅ ያለው ካርልተን ሴንተር ተጠናቀቀ፤ ለአርባ ዓመታት ከዚያ በላይ በአፍሪካ በቁመት የሚበልጠው አልነበረም። በሰሜን ደግሞ ትናንት እርሻ በነበረ ቦታ ላይ ሳንድተን ሲቲ ተከፈተ። ሁለቱ ሕንጻዎች የሁለት ካዝናዎች ተፎካካሪዎች ነበሩ። አንድ መሥሪያ ቤት ከመሐል ተነቅሎ ወደ ሰሜን በሄደ ቁጥር የንብረት ግብሩም አብሮት ይሄዳል። ሳንድተን ይህን የሚጠላበት ምክንያት አልነበረውም፤ እንዲያውም ሰፊ መኪና ማቆሚያ፣ ጸጥታና አዲስ መንገድ አዘጋጅቶ ተቀበለ።

ውድድሩ በማን አሸናፊነት እንደተፈጸመ ለማወቅ ብዙ ቁጥር አያሻም። ካርልተን ሆቴል በ1990ዎቹ መጨረሻ ተዘጋ። የጆሃንስበርግ የአክሲዮን ገበያ በ2000 ወደ ሳንድተን ተዛወረ። በ2010 ፈጣኑ ባቡር ጋውትሬን አገልግሎት ሲጀምር የመጀመሪያው መስመር ሳንድተንን ከአውሮፕላን ማረፊያው ጋር የሚያገናኝ ነበር። በ2019 ደግሞ የካርልተንን ቁመት የበለጠ ሕንጻ የቆመው በዚያው በሳንድተን ነው።

ኢትዮጵያውያን በዚህ ታሪክ ውስጥ የገቡት በተለቀቀው መሐል በኩል ነው። ጄፔ መንገድ (ከ2014 ወዲህ ስሙ ራሂማ ሙሳ ተብሏል) የሐኪሞች ሰፈር ነበር፤ ረጃጅም ሕንጻዎቹ በክሊኒኮች የተሞሉ ነበሩ። ሐኪሞቹ በሽተኞቻቸውን ተከትለው ወደ ሰሜን ሲሄዱ ክፍሎቹ ባዶ ቀሩ። ከ1990ዎቹ ጀምሮ፣ አብዛኞቹ ከሆሳዕናና ከአካባቢው የመጡ ስደተኞች እነዚያን ክፍሎች እየተከራዩ፣ አንዱን ክፍል ለብዙ ትንንሽ ሱቅ እየከፈሉ፣ ልብስና ብርድ ልብስ፣ ጫማና መጋረጃ የሚሸጥበት ታላቅ የጅምላ ገበያ አደረጉት። የሐኪም መጠበቂያ ክፍል የነበረው ዛሬ ቡና የሚፈላበትና እንጀራ የሚቀርብበት ሆኗል። ሀብት ሲሸሽ የተወውን ቅርፊት ስደተኛው ሕይወት ዘራበት። ይሁንና ይህ የጥረት ታሪክ የሚያኮራ መሆኑ፣ ክፍሉ ለምን ባዶ እንደነበረ የሚጠይቀውን ጥያቄ አያስረሳም።

አንድ ከተማ፣ አንድ ካዝና

የሶዌቶ ነዋሪዎች በ1986 የቤት ኪራይና የአገልግሎት ክፍያ አንከፍልም ብለው ሲያድሙ ክርክራቸው ቀላልና ጠንካራ ነበር። ጆሃንስበርግ ውስጥ እንሠራለን፤ ጆሃንስበርግ ውስጥ እንገዛለን፤ የምንገዛበት ሱቅ ግብሩን ለነጮች ማዘጋጃ ቤት ይከፍላል፤ እኛ ግን በራሳችሁ ገቢ ተዳደሩ እንባላለን። ከዚህ ክርክር የወጣው መፈክር «አንድ ከተማ፣ አንድ የግብር መሠረት» የሚል ነበር። በ1990 በተደረሰው ስምምነት የተጠራቀመው ዕዳ ተሠረዘ፤ በማግሥቱ ዓመትም ነጭና ጥቁር አስተዳደሮች በአንድ ጠረጴዛ የሚነጋገሩበት የሜትሮፖሊታን ጉባኤ ተቋቋመ።

ከ1995ቱ የአካባቢ ምርጫ በኋላ ሰፊዋ ጆሃንስበርግ በአራት ምክር ቤቶችና በአንድ የበላይ ምክር ቤት ተደራጀች። ሳንድተንና አሌክሳንድራ በአንድ ምክር ቤት ሥር ሆኑ። በ1996 የንብረት ግብር ስሌት በከተማው ሁሉ አንድ እንዲሆን ሲደረግ የሳንድተን ባለንብረቶች የሚጠየቁት ገንዘብ እጅግ ጨመረ። ብዙዎቹ ጭማሪውን አንከፍልም አሉ። ድኻው ሶዌቶ ከአሥር ዓመት በፊት የያዘውን የአድማ መሣሪያ አሁን ባለጸጋው ሳንድተን አነሣው። ክርክሩ እስከ ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት ደርሶ በ1998 ውሳኔ አገኘ፤ የከፋዮቹ አቤቱታ አልሰመረም። በታኅሣሥ 2000 ጆሃንስበርግ አንድ ከንቲባና አንድ ካዝና ያላት ከተማ ሆነች።

የሳንድተን ከፋዮች ያቀረቡት ክርክር በቀላሉ የሚጣል አልነበረም። የራሳቸውን መንገድ በራሳቸው ገንዘብ እንደሠሩ፣ የሚወሰድባቸው ገንዘብ ለብክነት እንደሚጋለጥ፣ ጭማሪውም ያለ በቂ ዝግጅት በአንድ ጊዜ እንደተጫነባቸው ይናገሩ ነበር። ስለ ብክነቱ የተናገሩት ከሞላ ጎደል እውነት ሆኖ ተገኝቷል፤ የጆሃንስበርግ አስተዳደር ከዚያ ወዲህ በተደጋጋሚ የገንዘብ ቀውስ ውስጥ ገብቷል። «በራሳችን ገንዘብ» የሚለው ግን መሠረቱን ስቷል። የሳንድተን መሬት ዋጋ ያወጣው ባለቤቱ አጥሩን ስላሳመረው ብቻ አይደለም። የዋጋው አንድ ክፍል ርካሽ ጉልበት አምስት ኪሎ ሜትር አጠገብ ስለሚያድር ነው፤ ለዚያ ጉልበት የሚያስፈልገውን ውሃ፣ ፍሳሽ፣ ትምህርት ቤትና መብራት ግን ሳንድተን ለሩብ ምዕተ ዓመት ከካዝናው አላወጣለትም። በ1996 የተጠየቀው ገንዘብ ለባለጸጋው አዲስ ሸክም ቢመስለውም፣ በእውነቱ ሳይከፈል የተጠራቀመ የቆየ ሒሳብ ነበር።

የዘገየ ሒሳብ

ካዝናው አንድ መሆኑ አስፈላጊ ነበር። በቂ ግን አልሆነም። በ2001 ፕሬዚዳንት ታቦ ምቤኪ ለአሌክሳንድራ መታደሻ 1.3 ቢሊዮን ራንድ እንደሚመደብ አስታወቁ። ቤቶች ተሠሩ፤ መንገዶች ተነጠፉ፤ ሆኖም በ2011 ቆጠራ 180 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ በጠባቡ ሰፈር ተጨናንቆ ነበር። በ2019 ነዋሪዎቹ «አሌክሳንድራ ትዘጋ» ብለው አደባባይ ሲወጡ ገንዘቡ የት ደረሰ የሚለው ጥያቄ አብሮ ተነሣ።

ምክንያቱ ሙስና ብቻ ሳይሆን መሬት ነው። ካዝና በምክር ቤት ድምፅ ሊቀላቀል ይችላል፤ የአንድ ኤከር አጸድ፣ የሰፊ መንገድ፣ የተተከለ ሕንጻ ቅርጽ ግን በድምፅ አይለወጥም። ሠራተኛ በሥራው አጠገብ ቤት እንዳይገዛ የሚከለክል ሕግ የለም፤ ዋጋው ይከለክለዋል። ከተማው ሃያና ከዚያ በላይ ቤት የሚሠራ ገንቢ ቢያንስ ሠላሳ በመቶውን አቅም ለሌላቸው እንዲያውል የሚያዝዝ ፖሊሲ ያወጣው በ2019 ነው። ይህ ደንብ በ1969 ወይም በ1996 ቢወጣ ኖሮ ገና ያልተሠራ ሰፊ መሬት ይጠብቀው ነበር። በ2019 ያገኘው የተረፈውን ቁራጭ ነው።

በዚህ መካከል የገጠሩ ዳርቻ ራሱ ወደ ሰሜን ገፍቷል፤ አሮጌው ሥርዓትም አብሮት ተጉዟል። በ1990ዎቹ አጋማሽ ከአሌክሳንድራና ከሌሎች ስፍራዎች የተነሡ ሰዎች በጊዜያዊነት የሰፈሩበት ዲፕስሉት ዛሬ ትልቅ የድኾች ከተማ ነው። በአቅራቢያው ደግሞ ዴይንፈርን የተባለው ባለ ጎልፍ ሜዳ የታጠረ መንደር አለ፤ በ2015 የተከፈተው ስቴይን ሲቲም ከዚያው አይርቅም። እዚህ ዘርን የሚጠቅስ ሕግ የለም። ሁሉም በአንድ ማዘጋጃ ቤት ሥር ነው። ነገር ግን የታጠረው መንደር የራሱ ጥበቃ፣ የራሱ መንገድ፣ የራሱ ትምህርት ቤት አለውና ወሰኑን ከካርታ አውጥቶ በግንብ ተክሎታል። ማዘጋጃ ቤቱ ለባለጸጋው መለየትን ሲከለክለው፣ ባለጸጋው የራሱን ትንሽ ማዘጋጃ ቤት በግል ሠራ ማለት ነው።

የዚህ ሁሉ ዕዳ የሚከፈለው ደግሞ ሁልጊዜ በትክክለኛው ሰው አይደለም። በግንቦት 2008 አሌክሳንድራ ውስጥ የጀመረው በውጭ አገር ሰዎች ላይ ያነጣጠረ ጥቃት ወደ ሌሎች ከተሞች ተዛምቶ ከ60 በላይ ሰዎች ሞቱ። ቁጣው አውራ ጎዳናውን ተሻግሮ ወደ መስታወቶቹ ሕንጻዎች አልሄደም። በዚያው ጠባብ ሰፈር ውስጥ በሚኖረው፣ እንደ ራሱ ድኻ በሆነው ጎረቤት ላይ አረፈ። በየመንደሩ ሱቅ የሚጠብቀው ኢትዮጵያዊ እስከ ዛሬ በስጋት የሚኖረው አስቀድሞ በተሠመረ ወሰን ጥላ ሥር ነው።

ከለገዳዲ እስከ ሰንዳፋ

አዲስ አበባ ጆሃንስበርግ አይደለችም። በኢትዮጵያ ዘርን ከዘር በቀለም የሚለይ የመሬት ሕግ የለም፤ መሬትም የመንግሥትና የሕዝብ ነው ተብሎ በሕገ መንግሥት ስለተደነገገ እንደ ሳንድተን እርሻ በግል አይሸጥም። ወሰኑም በባለጸጎች ማኅበር ሳይሆን በፌዴራል ሥርዓቱ የተሠመረ ነው። ልዩነቱ ይህን ያህል ከሆነ ማነጻጸሩ ለምን ያስፈልጋል? ጥያቄው አንድ ስለሆነ ነው፤ የእርሻ መሬት ከተማ ሲሆን ጥቅሙ ለማን፣ ሸክሙስ ለማን?

የአዲስ አበባ ነዋሪ ከሚጠጣው ውሃ ከፊሉ የሚመጣው ከለገዳዲና ከገፈርሳ ነው፤ ግድቦቹ ያሉት በኦሮሚያ ነው። ቆሻሻውን የሚጥልበት ቦታም ጠፍቶ በ2016 ሰንዳፋ ላይ አዲስ ስፍራ ተከፈተ። የአካባቢው ገበሬዎች ከብታችንንና ውሃችንን በከለብን ብለው ተቃወሙ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ሥራው ቆሞ ቆሻሻው ወደ ቆሼ ተመለሰ። በመጋቢት 2017 የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ሰንዳፋ ላይ የተጀመረው ከቆሼ ክምር ጋር በቀጥታ ይያያዝ አይያዝ የባለሙያ ጥያቄ ነው፤ ሁለት አስተዳደሮች አንድ የጋራ ሸክም የሚሸከሙበት የጋራ ትከሻ እንዳልነበራቸው ግን ግልጽ ነው።

ሕገ መንግሥቱ ይህን አስቀድሞ ያየ ይመስላል። አንቀጽ 49 ኦሮሚያ በአዲስ አበባ ላይ ልዩ ጥቅም እንዳለው ገልጾ ዝርዝሩ በሕግ ይወሰናል ይላል። በ2017 ረቂቅ ሕግ ቀርቦ ነበር፤ አልጸደቀም። በዚህ ክፍተት ላይ የመጣው የተቀናጀ ማስተር ፕላን ከኅዳር 2015 ጀምሮ የብዙ ሰው ሕይወት የጠፋበትን ተቃውሞ ቀስቅሶ በጥር 2016 ተሠረዘ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ሰበታን፣ ቡራዩን፣ ሱሉልታን፣ ለገጣፎ ለገዳዲንና ሌሎችንም ያቀፈው ሸገር ከተማ ተቋቋመ። ዛሬ አዲስ አበባን የሚከብባት በሌላ ካዝና የሚተዳደር ከተማ ነው። በአንዱ የሚሠራው በሌላው ያድራል።

ገበሬውስ? በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 ለተነሺው ገበሬ የካሣ መጠን ያደረገው የዓመታዊ ገቢውን አማካይ አሥር እጥፍ ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ወደ አሥራ አምስት እጥፍ ከፍ አደረገው። ጭማሪው መልካም ነው፤ ስሌቱ ግን ያው ነው። የሚቆጠረው በሬው ትናንት ያስገኘው እህል እንጂ መሬቱ ነገ በሊዝ ጨረታ የሚያወጣው ዋጋ አይደለም። «ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል» ይባላል። የከተማ ዳር ገበሬ ግን ሞኝ አልነበረም፤ ወሰኑ ሲሠመር ያልተጠራ ሰው ነበር።

ከጆሃንስበርግ የሚገኘው ትምህርት ከተሞችን ሁሉ ጨፍልቆ አንድ ማድረግ ነው ማለት አይደለም። ወሰን የማንነትና የራስን ዕድል በራስ የመወሰን ጥያቄ በሆነበት አገር እንዲህ ያለ ምክር እሳት ላይ ዘይት ማፍሰስ ይሆናል። ትምህርቱ ካርታውን ሳይነኩ ካዝናውን በከፊል ማገናኘት እንደሚቻል ነው። ለውሃ፣ ለቆሻሻና ለትራንስፖርት የሁለቱም ከተሞች ወኪሎች የሚመሩት፣ ከሁለቱም በተወሰነ ድርሻ ገንዘብ የሚገባለት፣ ውሃ የሚሰጠውና ቆሻሻ የሚቀበለው መንደር ቅድሚያ የሚያገኝበት አንድ ተቋም ሊኖር ይችላል። ከሊዝ ገቢ የተወሰነው እጅ ለተነሺው ገበሬ በየዓመቱ የሚደርስበት ሥርዓት ሊታወጅ ይችላል። በየአዲሱ የመኖሪያ መንደር ውስጥም ጥበቃው፣ አስተማሪዋና ግንበኛው የሚኖሩበት ቤት በግዴታ ሊሠራ ይችላል።

እነዚህ ነገሮች ርካሽ የሚሆኑት መሬቱ ገና እርሻ ሳለ ብቻ ነው። ሳንድተን ማዘጋጃ ቤት በተቋቋመበት ቀን አሌክሳንድራን ወደ ውስጥ የሚያስገባ መስመር ለማስመር የሚያስፈልገው እርሳስና ፈቃድ ነበር። ፈቃዱ አልነበረም። ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ፣ አድማው፣ ክሱ፣ ቢሊዮኑ ራንድ፣ የወደቀው ድልድይ፣ ያንን የአንድ ቀን መስመር ለመፋቅ የተከፈለ ዋጋ ነው።

ዛሬ በሳንድተን አደባባይ ላይ ስድስት ሜትር የሚረዝም የማንዴላ ሐውልት ቆሟል። ጎብኚዎች በእግሩ ሥር ፎቶ ይነሣሉ። ወጣቱ ማንዴላ የተከራያት ክፍል ያለችበት ሰፈር ከዚያ አምስት ኪሎ ሜትር አይርቅም፤ አደባባዩን ሊጠርጉ በማለዳ የሚነሡትም ከዚያው ሰፈር ናቸው።